አፍሪካ የሚለውን ቃል ማን ቀድሞ ያዘው?
(ስለ አንድ ከተማና ስለ አንድ አየር መንገድ)

ከዓመታት በፊት ሦስት ጓደኛሞች፣ ሦስታችንም መሐንዲሶች፣ እዚህ አሜሪካ ውስጥ አንድ አነስተኛ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት አቋቁመን ነበር። ድርጅቱን የሚያስተዋውቅ ወረቀት በሚያምር ቀለም አሳተምንና በጀርባው የምንሰጣቸውን አገልግሎቶች ዘረዘርን። ሃያ ሁለት ነበሩ። የሕንጻ ዲዛይን አለ፣ የውኃ መስመር አለ፣ የመንገድ ቅየሳ አለ፣ የኃይል ቁጠባ ጥናት አለ፣ ሶፍትዌር እንኳ አልቀረም። አንድ አዛውንት የሕንጻ ተቋራጭ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ «መልካም ነው። ግን ነገ አንድ ሰው ስለ እናንተ ቢጠይቀኝ ምን የሚሠሩ ናቸው ልበለው?» አሉን። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ አፋችንን ከፈትን፤ ሦስት የተለያየ መልስም ሰጠን። ሥራውን አላገኘነውም። ድርጅቱም ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ተዘጋ።

ይህን ያነሳሁት የግል ኪሳራዬን ለማውራት ብዬ አይደለም። እኛ መሐንዲሶች ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል ብለን የማመን የጋራ በሽታ አለብን። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ለዓመታት አብሮኝ ኖረ። ለአንድ ኩባንያ የቀረበው ጥያቄ ለአንድ ከተማም፣ ለአንድ አገርም እንደሚቀርብ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእኛው አገር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ በሚገባ መልስ ሰጥታ ታውቃለች። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ መልስ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ቦታው ያለው በሰው አእምሮ ውስጥ ነው

በ1969 ጃክ ትራውት የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ በአንድ የንግድ መጽሔት ላይ «ፖዚሽኒንግ» የሚል ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። በ1972 ከባልደረባው ከአል ሪስ ጋር ሆኖ በተከታታይ ጻፈበት፤ በ1981 ሁለቱ በመጽሐፍ አሳተሙት። ሐሳቡ በአጭሩ ቢነገር እንዲህ ነው። ገበያው የሚካሄደው መደብር ውስጥ ሳይሆን በሰው አእምሮ ውስጥ ነው። የሰው አእምሮ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ነገር አንድ ወይም ሁለት ስም ቢይዝ ነው። ቀድሞ የገባ መደቡን ይይዛል። ዘግይቶ የመጣ የተያዘውን መደብ ለመንጠቅ ከሚታገል ሌላ ባዶ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል። ሁሉንም ልያዝ ያለ ግን አንዱንም አይዝም። አያቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉት ይህንኑ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ መኪና የሚያከራየው ኤቪስ ነው። የአንደኝነቱን ስፍራ ኸርትዝ ይዞታል፤ ኤቪስ ለ13 ዓመታት ያህል ሲከስር ኖሯል። በ1962 የማስታወቂያ ሰዎቹ ማንም ኩባንያ የማይደፍረውን ነገር አስደረጉት፤ ሁለተኛ መሆኑን በይፋ አሳወጁት፤ ሁለተኛ በመሆናችንም የበለጠ እንተጋለን አስባሉት። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ማትረፍ ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ። ማስታወቂያው ንጹሕ መኪና ቃል ገብቷልና ሠራተኛው መኪናውን በእርግጥ ማጽዳት ነበረበት። መኪናው ቆሽሾ ቢገኝ ኖሮ ያ ቃል በኩባንያው ላይ መሳለቂያ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሪስና ትራውት በመጽሐፋቸው ስለ ቤልጅየም አየር መንገድ ስለ ሳቤናም ጽፈዋል። ሳቤና የሚያስተዋውቀው በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚቀርበውን ምግብ ነበር። ደራሲዎቹ ግን ችግሩ ምግቡ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሰው ቤልጅየም ሄዶ ምን እንደሚያይ ካላወቀ ምግቡ ቢጥምም ባይጥምም አይሳፈርም። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ሊሰጣት የሚገባው አገሪቱ ናት አሉ። በታዋቂው የሚሽሊን የጉዞ መጽሐፍ ለአምስተርዳም የተሰጠውን ከፍተኛውን የሦስት ኮከብ ማዕረግ አምስት የቤልጅየም ከተሞች እንዳገኙ አይተው፣ ቤልጅየምን ባለ አምስት አምስተርዳም አገር አድርጎ የማቅረብ ዘመቻ አቀዱ። ዘመቻው ሳይዘልቅ ቀረ። ሳቤናም በ2001 ከሰረ።

የአየር መንገድና የከተማ ዕጣ አንድ ላይ የታሰረ ነው የሚለው ይህ ትምህርት ኒውዮርክ ውስጥ በመጽሐፍ ከመውጣቱ ከሃያ ዓመት ያህል በፊት አዲስ አበባ ላይ በተግባር ተሠርቶበት ነበር።

ከ1958 እስከ 1964

በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባን የውጭ ሰው በምን ያውቃታል? የአንድ ጥንታዊ መንግሥት መናገሻ ናት፤ ቁመቷ ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፤ የራሷ የባሕር በር የላትም። ካይሮ በስፋቷም በዕድሜዋም ትበልጣታለች። ዳካር በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ዋና ከተማነት በሚገባ ተገንብታለች። አክራ ደግሞ ከ1957 ጀምሮ የአዲሱ የነጻነት ዘመን ችቦ ሆናለች። በትልቅነት፣ በዘመናዊነት ወይም በአብዮተኝነት ውድድር ብንገባ ኖሮ አዲስ አበባ በሦስቱም ትሸነፍ ነበር።

በእጇ ያለው አንድ ነገር ነበር። ከአምስት ዓመቱ የፋሺስት ወረራ በቀር በቅኝ ገዥ አልተገዛችም፤ የመሪዋም ድምፅ በ1936 በጄኔቫ ተሰምቷል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ለፈረንሳይኛ ተናጋሪውም ወገን የማትወግን፣ የማንም የቀድሞ ጌታ ጥላ የሌለባት ከተማ ናት። በዘመኑ ቋንቋ የሁሉም ቤት ልትሆን የምትችል ማለት ነው። ይህ መደብ ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። በሰኔ 1960 የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ሁለተኛው ጉባኤ እዚሁ ተካሄደ። በዚያው ዓመት 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጡ። በየካቲት 1961 ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ግንባታው የፈጀው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የሚናገር አይደለም፤ የመላው አፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይናገራል። የቤቱ ባለቤት ለእንግዳው የራሱን ፎቶግራፍ ብቻ ሰቅሎ አልጠበቀውም ማለት ነው።

ፖለቲካው ግን ቀላል አልነበረም። በ1961 አፍሪካ የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብላ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ መሪ አቶ ከተማ ይፍሩ አገሪቱ በአንዱ ወገን እንዳትታጠር፣ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የምታመጣ እንድትሆን ሠሩ፤ ከዋና ከተማ ዋና ከተማ ዞሩ። በግንቦት 25 ቀን 1963 የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች በአፍሪካ አዳራሽ ቻርተሩን ፈረሙ። መቀመጫው የት ይሁን በሚለው ላይ ዳካርን የመሳሰሉ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ለፖሊስ ኮሌጅ የተሠራውን ሕንጻ ለድርጅቱ አስረከበች። በሐምሌ 1964 የካይሮው ጉባኤ አዲስ አበባን ቋሚ መቀመጫ አድርጎ አጸደቀ። ዋና ጸሐፊነቱ ለጊኒው ዲያሎ ቴሊ ሄደ። እኛ ቤቱን ያዝን፣ ወንበሩን ለሌላው ለቀቅን። ሁሉንም ካልያዝን አላልንም።

«ይህ ዲፕሎማሲ ነው እንጂ የገበያ ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ደግሞ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ መፈክር ፈልጌ አላገኘሁም እላለሁ። ያገኘሁት አዳራሽ፣ ሕንጻ፣ የጉዞ ድካምና የአውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ወንበራቸው በጎን የተደረደረ አውሮፕላኖች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። በሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ ተሳፋሪው በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ቡናና ቆዳም አብሮት ይጫናል። በዚያ ዕቃ ከአውሮፓ አየር መንገዶች ጋር በምቾት መወዳደር የማይታሰብ ነው።

ታዲያ የት ይቁም? በዚያን ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በለንደን፣ በፓሪስ ወይም በሮም በኩል ይዞር ነበር። መስመሮቹ የተዘረጉት ከቅኝ ገዥው ዋና ከተማ ወደ ቅኝ ግዛቱ ነበርና ጎረቤት ለጎረቤት አይገናኝም። አየር መንገዳችን በ1960 ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኝ በረራ ጀመረ። ሌሎቹ አፍሪካን ከአውሮፓ ያገናኙ ነበር፤ እርሱ አፍሪካን ከአፍሪካ ሊያገናኝ ተነሳ። ባዶው መደብ ይህ ነበር።

የልደታው ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። በታኅሣሥ 1962 ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ገቡ። መሪዎቹ ለጉባኤው የተሰበሰቡት ከዚያ አምስት ወር ቆይቶ ነው። አንድ መሐንዲስ ይህን የቀን አቆጣጠር ሲያይ ደስ ይለዋል። ጭነቱ ከመምጣቱ በፊት ምሰሶው ቆሟል። ከተማዋ ለአየር መንገዱ መንገደኛ ሰጠችው፤ አየር መንገዱ ለከተማዋ በር ከፈተላት። ሳቤናና ብራስልስ ያጡት ይህንን ነው።

የሰው ኃይሉም እንዲሁ ነው። ሲቋቋም አብራሪውም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የአፍሪካ ነኝ የሚል አየር መንገድ አፍሪካዊ እጅ ሊኖረው ይገባልና፣ ይህም የቃሉ አካል ነበር። በ1973 ደግሞ ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ነጋዴ ሁሉ ወደ ቻይና ሲጎርፍ መስመሩ ቀድሞ የተዘረጋ ነበር።

ቦታ መያዝና ቦታ መጠበቅ

የተያዘ ቦታ ኪራይ አለው። በ1973 ኮሎኔል ጋዳፊ ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት ካላቋረጠች ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ይዛወር ብለው ተነሱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ግንኙነቱ ተቋረጠ። ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ዋጋ መከፈሉ ግን አይካድም። በ1999 ከሲርቱ ጉባኤ በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወደ አፍሪካ ኅብረት ሲለወጥ የመቀመጫው ነገር እንደገና ተነሳ። ኅብረቱ በ2002 ሲመሠረት መቀመጫው አዲስ አበባ ሆኖ ቀጠለ። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ሌላ መንግሥት ተተክቷል፤ በሁሉም ጉዳይ የማይስማሙት ሦስት ሥርዓቶች በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ግን አንዱ የሠራውን ሌላው አላፈረሰም። በታሪካችን ይህን መሰል ነገር ስንት ጊዜ አይተናል?

ጎረቤታችን ናይሮቢም ብልህ ነበረች። የአፍሪካ ፖለቲካ መደብ እንደተያዘ አይታ ሌላ ባዶ ቦታ ፈለገች። በ1972 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙን መቀመጫ ናይሮቢ እንዲሆን ወሰነ። «አካባቢ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ይዛዋለች። የዱባይን ታሪክ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን ከኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ኤሚሬትስ በጥቅምት 1985 ሥራ የጀመረው ከፓኪስታን አየር መንገድ በተከራያቸው አውሮፕላኖች ጭምር ነው፤ የእኛ አየር መንገድ በዚያን ጊዜ አርባ ሊሞላው ነበር። ዱባይ ነዳጇ ጥቂት መሆኑን አውቃ «መተላለፊያ» የሚለውን ቃል ያዘች። ከተማዋም አየር መንገዱም እኩል አደጉ።

ባለቤቱ የተወው ቦታ

አሁን ወደሚያመው ክፍል እንምጣ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ የቱሪዝም ድርጅቱን ሲመሩ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» ብለን የምናውቀውን መጠሪያ ለአገሪቱ ሰጧት። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ የዘመን አቆጣጠራችን የእውነት አሥራ ሦስት ወር ነው፣ ፀሐዩም የእውነት ነው፣ ሌላ አገር ሊለው አይችልም። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሎ በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚል ተተካ።

ነገር ግን በመካከሉ 1984 መጣ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በርሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። በጥቅምት ወር ደግሞ ቢቢሲ ከኮረም የረሃቡን ፊልም አሳየ። ከሁለቱ የትኛው በዓለም አእምሮ ውስጥ እንደቀረ በዚያ ዘመን በስደት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ፊልሙ ሐሰት አልነበረም፤ ወገኖቻችን አልቀዋል። መንግሥት የአሥረኛውን የአብዮት በዓል ለማድመቅ ሲል ረሃቡን ደበቀ፤ እኛ ልንናገረው የሚገባንን ሐቅ ሌላው በራሱ ቋንቋ ተናገረልን። የደበቁት እውነት አንድ ቀን ሲወጣ ከእውነትነቱ በላይ ትልቅ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። አርባ ዓመት አልፎም ከዚያ ሥዕል ጋር እየታገልን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቡና ነው። ሐረር ከተማ ናት፣ ይርጋ ጨፌም ከተማ ናት፣ ሲዳሞ የሕዝብና የምድር ስም ነው። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እነዚህን ሦስት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የተለመዱ የዕቃ መጠሪያዎች ሆነዋል ተባለ። ስታርባክስ በበኩሉ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ስም ለራሱ ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኦክስፋም በ2006 ዘመቻ ከፈተ፣ በየአገሩ ያለን ኢትዮጵያውያንም ደብዳቤ ጻፍን፣ ስልክ ደወልን። በሰኔ 2007 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። አያት ቅድመ አያቶቻችን ያወጡት የከተማ ስም የማን ነው ተብሎ በሌላ አገር ቢሮ መከራከር ምን ያህል እንደሚያሳፍር አስቡት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል። አጥሩን ሳናጥር ስንት ዘመን ኖረን!

ዛሬስ?

በመጋቢት 10 ቀን 2019 የበረራ ቁጥር 302 ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ጣት ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ አልጠፉም። ምርመራው ግን ኤምካስ የተባለውን የአውሮፕላኑን ሥርዓት አጋለጠ፤ ቦይንግም በ2021 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተገደደ። መንገደኛው አየር መንገዱን አልሸሸም። ያ እምነት በአንድ ማስታወቂያ አልተገዛም፤ ከ1946 ጀምሮ በጥገናና በሥልጠና ክፍሉ የተጠራቀመ ነው።

ስለ ከተማዋ ግን ስጋት አለኝ። በልጅነቴ በጉባኤ ሰሞን መንገድ ሲዘጋና የድሃ ሰፈር በቆርቆሮ ሲከለል አይቻለሁ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ብዙ ነዋሪም ከኖረበት ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። መንገድ ይስፋ፣ መብራትም ይብራ፤ የምቃወመው አንድን ነገር ነው። ያማረ መንገድ ዱባይም ኪጋሊም አላቸው፤ በዚያ መደብ ሁልጊዜ ተከታይ ነን። አዲስ አበባ የያዘችው ቃል የሁሉም ቤት የሚለው ነው። የራሷን ልጆች የምታስወጣ ከተማ ይህን ቃል ለእንግዳ ስትናገር የኤቪስን የቆሸሸ መኪና ትሆናለች።

በስደት ያለነውም ከዚህ አንርቅም። የብዙ ማኅበሮቻችንን መተዳደሪያ ደንብ አንብቤያለሁ። ዓላማዎቹ ባህል፣ ስፖርት፣ ልማት፣ ዲሞክራሲ፣ ትምህርት እየተባለ ይደረደራሉ፤ አንዳንዱ እንደኛ ወረቀት ሃያ ሁለት ይደርሳል። በየሁለት ዓመቱም ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ነገር መርጠን፣ ያንን ነገር ሠርተን፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ብናወጣለት ምን ይለናል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ግን መጀመሪያ ሰውየው መኖር አለበት።

ያ አዛውንት ተቋራጭ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ባገኛቸው ሦስታችን የሰጠናቸውን ሦስት መልስ ትቼ አንዷን ብቻ እነግራቸው ነበር፤ ድልድይ እንፈትሽ ነበር፣ እርሱንም አሳምረን እናውቅበት ነበር። ከሃያ ሁለቱ መካከል አሥራ ዘጠነኛ ላይ ተጽፎ ነበር።

ቸር ይግጠመን።